የምርት ኃላፊነት ጉባኤ የሄዳችሁ አላችሁ? አንድ ትኬት ብቻ ነው ያለኝ

የመገናኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት የሕግ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። «ክፍል» ስላችሁ እንዳትሳሳቱ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ።

አምና የመጣ አንድ የውኃ ማፍያ ነበረን። እጀታው እየተገነጠለ ደንበኞች እጅ ላይ መቅረት ጀመረ። እግዜር ይመስገን ሰው አልተቃጠለም። ዕቃውን እንሰብስብ ሲባል ግን ጉዳችን ወጣ። የትኛው ሱቅ ስንት እንደሸጠ፣ ማን እንደገዛ የምናውቅበት መንገድ የለም። ለአምራቹ ስንጽፍ «የባች ቁጥሩን ላኩልን» አሉ፣ ዕቃው በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየውን ቁጥር ማለታቸው ነው። የባች ቁጥሩ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው። ካርቶኑ መርካቶ ቀርቷል።

አለቃዬ ደነገጠ መሰለኝ፣ ባልተለመደ ቸርነት «በምርት ኃላፊነት፣ ማለት ጉድለት ያለበት ዕቃ ሰው ሲጎዳ ማን ይጠየቃል በሚለው ጉዳይ፣ አንድ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ምረጪና ሂጂ» አለኝ። አንድ ብቻ። ያገኘኋቸው እነዚህ ናቸው። ብዙ ጊዜ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ በየካቲት ገደማ የሚካሄደው የዓለም አቀፉ የሸማቾች ምርት ጤናና ደኅንነት ድርጅት፣ የአይ.ሲ.ፒ.ኤች.ኤስ.ኦ.፣ ጉባኤ አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን ብራስልስ ላይ የሚያዘጋጀው የምርት ደኅንነት ሳምንት አለ። ጄኔቫ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ድርጅት፣ አንክታድ፣ የሚጠራው የሸማቾች ጥበቃ ባለሙያዎች ስብሰባ አለ። ከዚያ የአሜሪካ ተከላካይ ጠበቆች ማኅበር፣ የዲ.አር.አይ.፣ የምርት ኃላፊነት ጉባኤ አለ።

የሄደ ካለ ይንገረኝ። ከብሮሹር ያነበባችሁትን አይደለም፣ ብሮሹሩን እኔም አንብቤዋለሁ።

ዝም በል ሆዴ

እህቴ፣ ዕድሉ ከመጣ ኦርላንዶ ሂጂ። ዲዝኒም እዚያው ነው። ከዚያ ተመልሰሽ ለአለቃሽ ሃያ ገጽ ሪፖርት ትጽፊያለሽ፣ እሱም አያነበውም። የኛን ነገር እኮ እናውቀዋለን። ስብሰባ ማለት ቡና፣ አበልና የአንገት ባጅ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ዝም በል ሆዴ፣ ስለ ዲዝኒው አልዋሸህም። ግን ልጅቷ የጠየቀችው ቁም ነገር ነው።

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በምርት ኃላፊነት ክስ ላይ በሚሠራ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ አሥር ዓመት አልፎኛል። ኦርላንዶውን ሁለት ጊዜ፣ የዲ.አር.አይ.ን ደግሞ ከቆጠርኩት በላይ ሄጃለሁ። ምክሬ አጭር ነው፦ የጉባኤውን ስም ትተሽ ማን እንደሚመጣ እዪ።

ዲ.አር.አይ. የተከሳሽ ወገን ቤት ነው። አምራችና መድን ድርጅት የሚወክሉ ጠበቆች ናቸው። የሚያወሩት የከሳሽን ባለሙያ ምስክር እንዴት ከፍርድ ቤት እንደሚያስወጡ፣ የዳኞችን ጉባኤ፣ ማለት የጁሪውን ቁጣ እንዴት እንደሚያበርዱ ነው። ከሳሽ ጠበቆች ደግሞ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ አሜሪካን አሶሲዬሽን ፎር ጀስቲስ ይባላል። አንዱ የሌላውን ድግስ አይረግጥም። ግማሹ ታዳሚ የሚመጣው ደግሞ ሰዓት ለመሙላት ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ጠበቃ ፈቃዱ እንዲቆይለት በየጊዜው የተወሰነ የትምህርት ሰዓት መማር አለበት። ከኋላ ወንበር ላፕቶፕ ከፍቶ ኢሜይል የሚመልስ ሰው ታያለሽ። (እኔ ነኝ።)

ኦርላንዶው ሌላ ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው። ተቆጣጣሪው፣ አምራቹ፣ ቸርቻሪው፣ የፍተሻ ላብራቶሪው፣ የሸማች ተሟጋቹ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይገባሉ። ልጃቸውን በአልጋ ወይም በአሻንጉሊት ብልሽት ያጡ ወላጆች ሳይቀሩ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለች እናት ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ላፕቶፔን የዘጋሁባት ብቸኛዋ ተናጋሪ እሷ ነበረች።

ላንቺ የሚጠቅምሽ እዚያ በየዓመቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ሕግ፣ ዕቃው ከባድ አደጋ ሊያደርስ የሚችል ጉድለት እንዳለበት የሚያመለክት መረጃ የደረሰው አምራች፣ አስመጪ፣ አከፋፋይ ወይም ቸርቻሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ለአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ማሳወቅ አለበት። እርግጠኛ ካልሆነ ለማጣራት እስከ 10 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። «መረጃ ደረሰው» የሚባለው መቼ ነው? የደንበኞች አገልግሎት ልጅ ስልክ ስታነሳ? መሐንዲሱ ሲያየው? አለቃው ሲሰማ? ያንቺ የውኃ ማፍያ የመጀመሪያ ቅሬታ ለማን ነበር የደረሰው?

የመገናኛዋ

ለሹፌራችን። ሱቅ ዕቃ ሲያወርድ ነገሩት። እሱ ለመጋዘን ነገረ። መጋዘኑ ለማንም አልነገረም። እኔ የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ይኸው። አሜሪካ ቢሆን ሰዓቱ ከሹፌሩ ነው የሚቆጠረው ብሎ የሚከራከርሽ አይጠፋም። «እኛ አስመጪ ነን፣ የሠራነው እኛ አይደለንም» ማለትም እዚህ አያዋጣም። በዚያ ሕግ አስመጪ በአምራች ትርጉም ውስጥ ነው የገባው።

ጡረተኛው

ልጆች፣ ጣልቃ ልግባ። ረጅም ዘመን በዳኝነት ነው ያሳለፍኩት።

ስለ አሜሪካ ሲወራ እኛ ባዶ እጃችንን ያለን ይመስላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 2085ን አውጥታችሁ እዩት። ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎት ላይ እያለ ሰው ከጎዳ ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት አላጠፋሁም ብሎ ማምለጥ የለም። 2086 ያንን በር ይዘጋዋል። የሚያድነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። አንድ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ አምራቹ አይጠየቅም።

አሁን ቀኑን አስተያዩ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ ጥፋት የሚመጣ የአምራች ኃላፊነትን በግሪንማን መዝገብ የተቀበለው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። አውሮፓውያን መመሪያቸውን ያወጡት በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። የኛ ሕግ በእነሱ አቆጣጠር 1960 ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም የጸደቀው እዚሁ፣ በኛው ፓርላማ ነው። ከብዙዎቹ ቀድመን ጽፈነዋል።

ዝም በል ሆዴ

ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ። ቀድመን ከጻፍነው ማን ተጠቀመበት? እርስዎ ራስዎ በዚህ አንቀጽ ስንት ፋይል ወሰኑ?

ጡረተኛው

ጥሩ ጠየቅክ። በአንድ እጄ ጣት እቆጥረዋለሁ። ጣትም ይተርፈኛል።

ለምን ብለህ ደግመህ ብትጠይቀኝ፣ ሕጉን የማያውቅ ስለበዛ ብቻ አይደለም። ሰው ሲጎዳ «የእግዜር ቁጣ ነው» ይላል፣ ወይም «ዕድሌ ነው» ይላል። ከዚያ ዕቃውን ይጥላል። ዕቃው ከሌለ እኔ ዳኛው ምኑን አያለሁ? ፋይሉ ላይ የሚቀርብልኝ የሐኪም ወረቀትና እንባ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ምጣዱ ወይም ምድጃው ምን ጉድለት እንደነበረበት ግን አይነግሩኝም።

የአቤል እናት

ምጣድ ስትሉ ነው እኔም ብቅ ያልኩት። ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም።

ለመስቀል ብለን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን። እዚሁ አገር የሚሠራ ነው፣ የሠሪውን ስም አላነሳም። ሁለተኛው ሊጥ ላይ እያለሁ ክዳኑን ላነሳ ስል ያዘኝ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ድረስ። ወደ ኋላ ወርውሮኝ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። የጎረቤት ልጅ ኤሌክትሪክ ይነካካል፣ መጥቶ ሶኬቱን ፈታ። ሦስት ገመድ መሆን ሲገባው ሁለት ብቻ ነው አለኝ። ኧርዙ የለም። ሶኬቱ ግን ሦስት እግር አለው! ሦስተኛው እግር ለጌጥ ነው።

ወስጄ ስነግረው ሠሪው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ እርጥብ እጅ ይዘው ነው እንጂ ምጣዱ ምንም የለውም።» ሊጥ የሚያዞር ሰው በደረቅ እጅ ነው እንዴ የሚጋግረው?

ጡረተኛው

እመቤት፣ እንኳን ተረፉ።

የነገሩኝ ነገር ለሕግ ተማሪ ፈተና ይሆናል። «በተለመደው አገልግሎት» ማለት ይኼ ነው። እንጀራ ጋጋሪ እጇ ይረጥባል። ሠሪው ይህን የማያውቅ ከሆነ ምጣድ መሥራት የለበትም። «በተለመደው ምርመራ ይታወቅ ነበር» ቢልም አያስኬደውም። ገበያ ላይ ሶኬት ፈትታ ገመድ የምትቆጥር ገዢ የለችም። ሦስት እግር ያለውን ሶኬት ዓይቶ ሦስተኛው ገመድ አለ ብሎ ማመን የማንም ሰው መብት ነው።

የጎተራው መካኒክ

ሰላም ነው። ሕግ አልተማርኩም። ግን ስለ «የጠፋ ካርቶን» ስታወሩ የኔ ነገር መጣብኝ።

ታካታ የሚባለውን ኤርባግ ሰምታችኋል? ጃፓን ኩባንያ ነበር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከስሯል። ኤርባጉን የሚነፋው ባሩድ አሞኒየም ናይትሬት ነው። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ያኔ ኤርባጉ ሲነሳ የብረት ቤቱ ይፈነዳና ስብርባሪው ሹፌሩ አንገት ላይ ይሰካል። ሊያድንህ የተሠራ ዕቃ ነው እንግዲህ። አሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባግ ተጠርቷል።

ከተጠሩት ውስጥ ኮሮላና ቪትዝ አሉበት። አሁን መስኮት ከፍታችሁ መንገዱን እዩ። ምን ይታያችኋል?

የመጀመሪያው ባለቤት ጃፓን ነው። ጥሪው የሚላከው ለእሱ ነው። መኪናው ግን በጨረታ ተሽጦ፣ ዱባይ ደርሶ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ እዚህ ሦስት ሊብሬ ቀይሯል። ደብዳቤው ጃፓን ቀርቷል። አንዳንዱ የቶሎ ቶሎ ሰው የአሜሪካኑን የመኪና ደኅንነት ድረ ገጽ ከፍቶ ሻንሲ ያስገባል። አይሠራም። እሱ 17 ፊደልና ቁጥር ነው የሚፈልገው። የጃፓን አገር ውስጥ መኪና ቁጥሩ አጭር ነው፣ በኬኤስፒ90 ወይም በኤስሲፒ90 የሚጀምር ዓይነት። እሱን የሚቀበለው የጃፓኑ የአምራቹ ገጽ ነው፣ ጽሑፉም በጃፓንኛ ነው። ስልክ ተርጓሚ እያየሁ ለደንበኞቼ አጣርቼ አውቃለሁ።

እኅታችን፣ ኦርላንዶም ሂጂ ጄኔቫ፣ ይህን አንድ ጥያቄ አንሺልኝ፦ ሦስተኛው ገዢ ጋ ማን ይደውላል?

ዝም በል ሆዴ

ወንድሜ፣ አሁን ነካኸኝ። እኔ ቪትዝ ነው የምነዳው።

የጎተራው መካኒክ

ሻንሲህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። እዚህ በአደባባይ እንዳትለጥፈው። ኤርባግ መብራቱ ደግሞ ቁልፍ ስትከፍት ብልጭ ብሎ ይጠፋል? ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ያወጣ ደላላ ነው የሸጠልህ።

ሞሶብ በሽቱትጋርት

ስለ አውሮፓው ጎን ማንም ስላልተናገረ እኔ ልንገራችሁ። ጉባኤ አልሄድኩም፣ ጉባኤው ራሱ ቤቴ መጣ።

አክስቴ ሐረር ሞሶብና ሙዳይ ትሰፋለች። እኔ ጀርመን በኢንተርኔት እሸጣለሁ። ከታኅሣሥ 13 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲሱ የአጠቃላይ ምርት ደኅንነት ደንብ ተፈጻሚ ሆነ። አንድ ቀን የምሸጥበት ገጽ መልእክት ላከልኝ። «ለእያንዳንዱ ዕቃ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለ ኃላፊ ስምና አድራሻ አስገቢ፣ አለበለዚያ ማስታወቂያሽ ይነሳል።» ማን ነው ኃላፊዋ? እኔው ነኝ ለካ። አስመጪ ነኝ። ራሴን «የአክስቴ ልጅ» ብዬ እንጂ አስመጪ ብዬ ጠርቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የአደጋ ትንተና ይጻፍ አሉ። የሞሶብ አደጋ ምንድነው? ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ቢበዛ ሆድ ያሰፋል። ግን ስስቅ ቆይቼ ትንሽ ደነገጥኩ። የሰንደዶው ቀለም ከምን እንደሚሠራ አላውቅም። ሙዳዩን ሕፃን አፉ ውስጥ ቢከተውስ? አክስቴን ስጠይቃት «ከገበያ ነው የምገዛው፣ ቀዩ ከአንዱ፣ አረንጓዴው ከሌላው» አለችኝ። አሁን ቀለሙን ከአንድ ቦታ ብቻ እንድትገዛና እሽጉን እንድታስቀምጥ አደረግኩ። ትንሽ ተቆጥታኛለች። «አያትሽ ስትሰፋ ማን ወረቀት ጠየቃት?» አለችኝ።

ይኼ ጅምሩ ነው። የ1985ቱን የሚተካው አዲሱ የምርት ኃላፊነት መመሪያ ወጥቷል። አገሮቹ እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ወደየሕጋቸው ማስገባት አለባቸው። ሶፍትዌርን ምርት ነው ይላል። አስመጪውም ከአምራቹ እኩል ይከሰሳል። ፍርድ ቤቱ አምራቹን «ሰነድህን አውጣ» ሊለው ይችላል። ብራስልስ ከሄድሽ የምትሰሚው ስለዚህ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ።

የመገናኛዋ

ሶፍትዌር ያልሽው እኛንም ይነካል። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ቆሟል። ከቻይና የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ብዙው በአምራቹ ወኪል ሳይሆን በነጋዴ በኩል የሚገባ ነው። ድርጅታችንም ወደዚያ እያማተረ ነው። አምራቹ እዚያ አገር ሶፍትዌር ሲያስተካክል እዚህ ያለው መኪና ይደርሰዋል? አለቃዬን ስጠይቀው «መጀመሪያ እንሽጥ» አለኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ልጠይቅህ። ስለ ምርት ኃላፊነት ባሰብኩ ቁጥር ኢቲ 302 ነው የሚመጣብኝ። እዚያ ጉባኤ ላይ ይወራል?

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ይወራል። ያውም ስላይድ ላይ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ።

ታውቂዋለሽ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቦሌ ተነስቶ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው የበረረው። 157 ሰው። ከዚያ በፊት፣ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ኢንዶኔዥያ ላይ በላየን ኤር 189 ሰው አልቆ ነበር። ተመሳሳይ ሞዴል፣ ቦይንግ 737 ማክስ። ለሕግ ተማሪ የጉድለት ዓይነት ሦስት ነው ይባላል፦ የአሠራር፣ የንድፍ፣ የማስጠንቀቂያ። አሠራር ማለት ያንዱ ዕቃ ብቻ ጉድለት ነው፣ ከመሥመሩ ሲወጣ የተበላሸ። ማክስ እንደሱ አልነበረም። ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት አፍንጫውን ወደ ታች የሚጫነው ባንድ ሴንሰር ንባብ ላይ ተመሥርቶ ነው። ያ ንድፍ ነው። ከላየን ኤሩ አደጋ በፊት ደግሞ ሥርዓቱ ለአብራሪዎቹ በመመሪያቸው ላይ አልተነገራቸውም። ያ ማስጠንቀቂያ ነው።

ክሶቹ ቺካጎ በፌዴራል ፍርድ ቤት ነበሩ። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ቦይንግ ከቤተሰቦቹ ጋር ተስማማ። ለአደጋው ኃላፊነቱን ተቀበለ። አውሮፕላኑ ለመብረር አደገኛ ሁኔታ ላይ እንደነበረ አመነ። በምላሹ ቤተሰቦቹ የቅጣት ካሣ መጠየቁን ተዉ። የተረፈው ክርክር የካሣው መጠን ነበር።

ያገሬ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። እንዲህ ባለ ክስ የአምራች ጠበቃ የመጀመሪያው እርምጃ «ይህ ጉዳይ በተጎጂዎቹ አገር ይታይ» ማለት ነው። ይህን በተለያዩ ጉባኤዎች ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰጥተው ሲያስተምሩት ሰምቻለሁ። በኢቲ 302 ስምምነት ግን ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ቤተሰቦችም እዚያው ኢሊኖይ እንዲዳኙ ተደረገ። ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ይህ ከካሣው ቁጥር ያላነሰ ነገር ነው።

እና ያ ተናጋሪ ስላይዱን ቀይሮ «ቀጣዩ ጉዳይ» አለ። ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን አውሮፕላኑ የወደቀበትን የጊምቢቹን ጉድጓድ የማያውቅ ሰው እንደሆነ ከድምፁ ይታወቃል።

ዝም በል ሆዴ

እሺ፣ ስላቄን መለስኩ። ግን ቁም ነገሬን አልመልስም። ቦይንግን የሚከስ ሰው ከኋላው ቺካጎ አለው። የአቤል እናት ከኋላዋ ምን አላት? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ 813፣ ከ2006 ጀምሮ አለ። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን ደግሞ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። ባንድ ምጣድ ማን ይሟገታል?

ጡረተኛው

ባንድ ምጣድ ነው እኮ የሚጀመረው። እስኮትላንድ ውስጥ ባንድ ጠርሙስ ውስጥ በተገኘ ቀንድ አውጣ የተጀመረ ክስ ነው በ1932 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ሕግ የቀየረው። ሴትዮዋ መጠጡን ራሷ እንኳ አልገዛችም፣ ጓደኛዋ ነበረች የገዛችላት። ደረሰኝ የላትም፣ ውል የላትም። ቢሆንም አምራቹ አንቺንም ማሰብ ነበረበት ተባለ። መካኒኩ «ሦስተኛው ገዢ» ያለውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ለልጃችን ግን ልንገራት፣ ጄኔቫን አትናቂ። እዚያ ጠበቃ ሳይሆን መንግሥታት ናቸው የሚቀመጡት። አደገኛነቱ የታወቀ ዕቃ ድንበር እንዳይሻገር የሚል የውሳኔ ሐሳብ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ከዚያ መንደር ነው። አስገዳጅ አይደለም። ሆኖም ባንድ አገር ከመደርደሪያ የተነሳ ዕቃ ሌላ አገር መደርደሪያ ላይ መውጣቱን ችግር ብሎ ስም ሰጥቶታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ጋሼ ልክ ናቸው። እዚህም የሚመሳሰል ነገር አለ። ደረጃ ያላሟላ ዕቃ ከአሜሪካ ወደ ውጭ ሊልክ የሚፈልግ ሰው ከ30 ቀን በፊት ለኮሚሽኑ ማሳወቅ አለበት። ኮሚሽኑ ደግሞ ለተቀባዩ አገር መንግሥት ይነግራል። ወረቀቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ በየትኛው መሳቢያ እንደሚገባ ግን ሕጉ አይልም።

ለማንኛውም፣ ኦርላንዶ ከመጣሽ የመጀመሪያውን ቀን ንግግር አዳምጪ፣ ከዚያ አዳራሹን ትተሽ የላብራቶሪዎቹ ጠረጴዛ ጋ ሂጂ። ከመጫኑ በፊት ፋብሪካው ደጅ ላይ ናሙና የሚፈትሹት እነሱ ናቸው። ቻይና ውስጥም ቢሮ አላቸው። ከአምስት ደቂቃ ወሬ የምታገኚው ከሦስት ቀን ስላይድ ይበልጣል። ደግሞ ቪዛውን ዛሬውኑ ጀምሪ።

የመገናኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከአለቃዬ ጋር ተቀመጥኩ። ኦርላንዶን መረጥኩ፣ ቪዛው ካልተሳካ ጄኔቫን በታዛቢነት እሞክራለሁ። ግን ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አስፈርሜዋለሁ። ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሮ የባች ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ሆድ ላይ ይታተማል። መጋዘኑም የትኛው ባች ለየትኛው ሱቅ እንደወጣ ይጽፋል። «ያስወጣናል» አለኝ። የውኃ ማፍያውን ለመሰብሰብ ለሬዲዮ ማስታወቂያ የከፈልነውን አሳየሁት። ዝም አለ። ሹፌሩም ቅሬታ የሚጽፍበት ደብተር ተሰጠው። እሱ ነው የተደሰተው።

የአቤል እናት፣ ስለ ምጣዱ ከተስማሙ አንድ የማውቀው ጠበቃ አለ፣ በነፃ ያይልዎታል።

ጡረተኛው

መልካም። እመቤት፣ አደጋው የደረሰው መቼ ነበር? ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሣ ጥያቄ ያለዎት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ አንቀጽ 2143። ለመስቀል ካሉኝ ገና ጊዜ አለዎት። ምጣዱን እንዳለ፣ ገመዱ ሳይነካ፣ ሶኬቱም እንደተፈታ ያስቀምጡት። ማንም እንዳይጠግነው።

የአቤል እናት

ውይ ጋሼ።

ያለፈው ቅዳሜ ቆራሌው በሰፈር ሲያልፍ ሰጠሁት። በሁለት የላስቲክ ባልዲ ለወጠኝ።

ጡረተኛው

ደረሰኙስ?

የአቤል እናት

የባልዲው?